መንፈስ የሌለው የመንፈስ ጭንቀት

ሐኪሟ የተናገረችው ሁለት ቃል ነበር፤ «የመንፈስ ጭንቀት»። ሻምበላችን የሰማው ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ከወንበሩ ብድግ ብሎ አማተበና፣ ብዙ ጊዜ የጠረጠረው ነገር እንደተረጋገጠለት ሰው ትኩር ብሎ አየኝ። «እኔኮ ብያለሁ» አለ። ምን ብሎ እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ወደ ክፍላችን ከተመደበች ብዙም አልቆየችም። ነገሩ በሽታ እንደሆነ፣ መድኃኒት እንዳለው፣ የአእምሮ ሐኪም ሊያየኝ እንደሚገባ ለማስረዳት ሞከረች። ለምን ወደ አእምሮ ሐኪም እንደላከችኝ የሚገልጽ ወረቀትም ጽፋ በእጄ ሰጠችኝ። ሻምበሉ በትዕግሥት አዳምጦ ሲያበቃ፣ «ዶክተር፣ የመንፈስ ከሆነማ አንቺን ምን አደከመሽ?» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ሀገርህ ሐይቅ አይደል እንዴ? ገዳሙ ደጃፍህ ላይ እያለ እዚህ ምን ትሠራለህ? የሕመም ፈቃድ እሰጥሃለሁ፤ ሄደህ ተጠመቅ።»

«ሻምበል፣ እኔ እኮ አላምንም» አልኩት።

«እሱንም ጠበሉ ያስተካክለዋል» ብሎ ፈረመ።

ሻምበሉ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆንማ ይቀለኝ ነበር። ሌላ አለቃ ቢሆን ሥራ ጠልቶ ነው ብሎ ቅጣት ያሸክመኝ ነበር፤ እሱ ግን ከልቡ አዝኖልኝ፣ ከሚያውቀው መድኃኒት ሁሉ ትልቁን አዘዘልኝ። ያናደደኝም ይኸው ነው። ደግ በሆነልህ ሰው ላይ እንዴት ትጮሃለህ? ለዚህ በሽታ ይህን ስም ያወጣለትን ሰው ግን ባገኘው የምለው ነገር አለኝ። በአማርኛ ሰው ሲከፋው የመንፈስ ጭንቀት ነው፤ ሰይጣን ሲይዘው ክፉ መንፈስ ነው፤ ሽርሽር ሄዶ ሲመለስ መንፈሱ ታደሰ ይባላል። አንድ ቃል ይህን ሁሉ ሲሸከም እኔን የመሰለ ሰው መሐሉ ላይ ይጨፈለቃል።

የታመምኩት እንዲህ ነው። ግንባር ላይ ቁስለኛ የማመላልስ ሾፌር ነበርኩ። መኪናዬ አሮጌ ነው፤ ሞተሩ ሲያጓራ ከኋላ የተኛው ሰው የሚለው አይሰማም። ይህ ለሾፌር ደግ ነገር ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት ቁስለኛ ጭኜ፣ የተበላሸ መንገድ እስኪጠገን ስንጠብቅ ነዳጅ እንዳያልቅብን ሞተሩን አጠፋሁት። ሞተር ሲጠፋ ከኋላ ድምፅ መሰማት ነበረበት፤ ቁስለኛ ያቃስታል፣ ውሃ ውሃ ይላል፣ ሾፌሩን ይሳደባል። ምንም አልተሰማም። መሪውን ይዤ ተቀመጥኩ። ወርጄ በሩን እስክከፍት ስንት እንደቆየሁ አላውቅም። ስከፍተው ሁለቱም አልፈዋል። ሐኪሞቹ መንገዱ ክፍት ቢሆንም እንደማይደርሱ፣ ሞተሩ ቢጠፋም ባይጠፋም ለውጥ እንደማያመጣ ነገሩኝ። የሚሉት እውነት መሆኑን አውቃለሁ። ጭንቅላቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸጥታን ጠላ።

መጀመሪያ መኪናዬን ማጥፋት አቃተኝ፤ ጓደኞቼ ነዳጁን ጨረስከው እያሉ ቁልፉን ይነቅሉብኝ ነበር። ቀጥሎ እንቅልፍ ተወኝ፤ ቀጥሎ የምግብ ጣዕም። በመጨረሻ ትንሽ አሸልቤ ስነቃ፣ «ምነው ባልነቃሁ» የሚል ሐሳብ ዓይኔን ከመግለጤ በፊት እየቀደመኝ መጣ፤ ያኔ አልፎ አልፎ፣ ኋላ ግን እንደ ጠዋት ሰልፍ ሳያጓድል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለሐኪሟ የነገርኳት የእንቅልፉን ብቻ ነው፤ የቀረውን ከፊቴ ያነበበችው ይመስለኛል።

አለማመኔን ከዚህ ጋር የሚያያይዙት አሉ። አይገናኙም። ተማሪ ሳለሁ አንድ እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆሜ፣ የምጸልይ ሳይሆን የማስመስል መሆኔ ድንገት ታወቀኝ። መብረቅ አልወረደም። እግሬን ስለደከመኝ ጥግ ፈልጌ ተቀመጥኩ፤ ያው በዚያው ቀረሁ። በማንም አልተከፋሁም፣ ማንንም አልሞገትኩም፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሰው ሳይ አልሳቅኩም። ለእናቴም አልነገርኳት፤ መናገር የሚያስፈልግ ነገር አልመሰለኝም ነበር።

ሠራዊቱ ውስጥ ያወቁብኝ በሥጋ ነው። ለበዓል ሁለት በሬ ይጣላል፤ አንዱን ክርስቲያን ባርኮ ያርደዋል፣ ሌላውን እስላም። ድስቱም ወረፋውም ለየብቻ ነው። እኔ ያጠረው ወረፋ ላይ እቆም ነበር። የሁለቱንም ሥጋ የሚበላ ሰው በእኛ ሀገር ወይ ሃይማኖት የለውም ወይ በጣም ርቦታል፤ ሁለቱንም ነበርኩ። «ባለ ሁለት ወረፋ» የሚል ቅጽል ወጣልኝ። ማንም አልጠላኝም፤ እንዲያውም ሥጋ ሲያልቅ የትኛው ድስት ውስጥ እንደቀረ የሚጠይቁት እኔን ነበር።

ሃይማኖት የግል ጉዳይ ነው ይባላል በሠራዊቱ፤ በእርግጥም ማንም አስገድዶኝ አያውቅም። ግን የግል ጉዳይ የሚሆነው ሃይማኖት ላለው ሰው ነው። ለእኔ የምትከብደኝ ቃል «እንደየእምነታችን» ናት። ስብሰባ ሲከፈት እንደየእምነታችን እንጸልይ ይባላል፤ ሁሉም አንገቱን ይደፋል፣ እኔ ጫማዬን አያለሁ። አንድ ጊዜ የሥነ ልቦና ባለሙያ ክፍላችን ድረስ መጥቶ ስለ ጭንቀት አስተማረን። ትምህርቱ ጥሩ ነበር፤ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ድንጋጤ፣ ስለ ቁጣ የተናገረው ሁሉ የእኔን ደጅ ያንኳኳ ነበር። ወደ መጨረሻው ግን ወረቀቱን አጠፈና፣ «ከሁሉ የሚበልጠው መድኃኒት ጸሎት ነው፤ እንደየእምነታችሁ በርቱ» ብሎ ተቀመጠ። ማንንም እንዳታስቀይም ተብላ የተመረጠች ቃል ናት።

ሰው ሲበተን ቀረብ ብዬ፣ «የማያምን ሰው ካለስ?» ብዬ ጠየቅኩት። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «አይዞህ፣ ይመለስልሃል» አለኝ፤ የምግብ ፍላጎት እንደጠፋበት ሰው።

ሐይቅ ስገባ እናቴ አውቃ ጠበቀችኝ፤ ለካስ ሻምበሉ ደውሎላት ኖሯል። እናቴ የአምባሰል ገበሬ ልጅ ናት፤ ሐይቅ የወረደችው ለአባቴ ተድራ ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ በሐይቁ ዳር ባለችው ቁራሽ መሬት ሽንኩርትና በቆሎ እያበቀለች አሳደገችን። ሁለት እጇን ፊቴ ላይ አድርጋ ግራና ቀኝ አገላበጠችኝ።

«መንፈስ ነው አለኝ አለቃህ።»

«ጭንቀት ነው፣ እማ።»

«ጭንቀቱንስ ታዲያ ማን ያመጣዋል?»

የቤታችን አካባቢ ጸጥ ያለ ነው፤ ከውሃው ማዶ ሰው ሲጠራራ እንኳ ይሰማል። ለጎብኚ ደስ ይል ይሆናል፤ ለእኔ ግን የጠፋ ሞተር ነበር። ስለዚህ ጠዋት ተነሥቼ ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚወስደው አስፋልት ዳር እሄዳለሁ። አይሱዙዎቹ ጭነታቸውን ይዘው እያቃሰቱ ሲያልፉ ደረቴ ይላላል፤ አንዳንድ ቀን ድንጋይ ላይ እንደተቀመጥኩ እንቅልፍ ይወስደኛል። የሰፈር ሰው መንገድ ዳር ተቀምጦ መኪና የሚያይ ወታደር ሲያገኝ ምን እንደሚል የታወቀ ነው። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ይገባ ጀመር።

የባሰው ግን የሥጋው ወሬ ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም ከተማ ውስጥ ሱቅ አለው። እስላም ሲያገባ ሰልሟል፤ በእኛ በኩል ይህ ጉድ የሚያሰኝ ነገር አይደለም፣ በየዘመዱ አለ። ልጠይቀው ሄጄ ምሳ ቀረበ፤ ሥጋ ነበር፤ በላሁ። እሱም ቀና ብሎ አየኝ። እናቴ ግን ያን ዕለት ከሰዓት መጥታ ፊት ለፊቴ ቁጭ አለች፤ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ነገር እንዳላት ገባኝ።

«ሰልመህ ኸሆነ ንገረኝ» አለች።

«አልሰለምኩም።»

«አልቆጣህም። ወንድሜስ ሰልሞ የለ? ምን ሆነ? ልጅቱ ማን ናት?»

«ምን ልጅ አለች እማ?»

«ታዲያ የስላም ሥጋ ምን ብለህ በላህ?»

«ጣፍጦኝ ነዋ።»

«ቧልቱን ተወው። የት እንደምወስድህ ልወቅ ብዬ ነው ሆዴ። እስላም ኸሆንክ አጎትህ ዱዓ የሚያደርጉ ትልልቅ ሰዎች ያውቃል፤ ክርስቲያን ኸሆንክ ጠበሉ አለ። መሐል ሜዳ ላይ አትቁምብኝ።»

«እኔ እኮ ሁለቱንም አይደለሁም» አልኳት። ሰማችኝ፤ ግን የሰማችው የተከፋ ሰው ሲናገር ነው። ጦርነት ያየ ልጅ ፈጣሪውን ሊያኮርፍ ይችላል፤ ማኩረፍ ደግሞ ያልፋል። በዚህ ሐሳብ ተጽናንታ አደረች፤ እኔም ተውኩት።

አጎቴ በማግስቱ መጣ፤ ማን እንደጠራው ግልጽ ነው። መዳፉን ዘርግቶ፣ «አብሽር፣ አላህ ዓፊያ ያድርግህ፣ ኸሸሩ ሁሉ ይጠብቅህ» ሲል «አሜን» አልኩ። እናቴ ጎኔን ጎሰም አድርጋኝ፣ «ይኸው! አሜን አለ!» ብላ ተነሣች። በእኛ ሀገር አሜን ማለት ጨዋነት መሆኑን፣ ምርቃት ሲወርድ ዝም የሚል ሰው አስተዳደግ የጎደለው መሆኑን ለማን ልንገር? አጎቴ ሳቀ። እኔም ከሳቅኩ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበርና ሳቅኩ። እናቴ ግን የያዘችውን ይዛለች፤ በነጋታው ወደ ገዳሙ እንድንሄድ ወሰነች።

ለምን እሺ እንዳልኩ የሚጠይቁኝ አሉ። ፈቃዴ እያለቀ ነበር። ሲያልቅ ወደዚያው መኪና እመለሳለሁ፤ ተመልሼ ብዙ እንደማልቆይ ደግሞ ለራሴ እያወቅኩት ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ እንዲሻለኝ ፈልጌ ነበር፤ በጣም ፈልጌ ነበር። የማያምን ሰው መዳን አይፈልግም ያለው ማነው? ውሃው ቢያድነኝ ኖሮ ከማንም በላይ የምደሰተው እኔ ነበርኩ።

ሐይቅ እስጢፋኖስ በእግር ነው የሚኬደው፤ መንገዱ ውሃውን ተከትሎ ይሄዳል። ገዳሙ ሴት አያስገባም። እናቴ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ነገር ስለሆነ በሩ ላይ ስንደርስ ማንም ሳይነግራት ቆመች፤ ከሌሎች እናቶችና ሚስቶች ጋር ዛፍ ሥር ነጠላዋን አነጠፈች። «ግባ። እኔ ኸዚህ ሆኜ እለምናለሁ» አለችኝ። ብቻዬን ገባሁ።

ተራ የሚጠብቁት ወንዶች ብዙ አልነበሩም። ከመሐላቸው ሁለቱ ወታደሮች እንደሆኑ ወዲያው አወቅኩ፤ ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ሲቀመጥ እነሱ ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው ፀሐይ ላይ ነበሩ። አልተነጋገርንም። ተራዬ ሲደርስ በጠበሉ የሚያጠምቁት መነኩሴ፣ «ስመ ክርስትናህ ማን ነው?» አሉኝ። ያን ስም ተናግሬ፣ አንገቴን ደፍቼ ውሃውን ተቀብዬ መውጣት እችል ነበር። የሚጎዳው ሰው የለም። ግን ያን ያህል ሳስመስል ከርሜ አንድ ሰው ፊት እንኳ ሳልዋሽ መቆም አማረኝ።

«አባ፣ አልዋሽዎትም፤ አላምንም» አልኳቸው።

«ኸማታምን ምን አመጣህ?»

«እናቴ በር ላይ ናት።»

ጣሳውን አስቀመጡት። የተቆጡ አልመሰሉኝም፤ ሥራ ያበላሸሁባቸው ያህል ነው የተመለከቱኝ። «ሳታምን ባፈስብህ መታጠብ ነው። ለመታጠብ ኸሆነ ሐይቁ ይበቃሃል» አሉ። ከዚያ፣ «እንቅልፍ አለህ?» አሉኝ።

«የለኝም።»

«ሐኪም አይቶሃል?»

«አንዷ ጀምራ ነበር።»

«ታስጨርስልህ። እናትህን ግን እኔ አላስረዳልህም፤ ራስህ ንገራት።» ቀጥሎ ያለውን ሰው ጠሩ።

ስመለስ ወደ በሩ ከመድረሴ በፊት መንገዱ ወደ ውሃው ይጠጋል። እዚያ ቁጢጥ አልኩ። ያሰብኩት ቀላል ነው፤ ጸጉሬን አርሼ ብወጣ ነገሩ ሁሉ ያልቃል። እሷ ትደሰታለች፣ ሻምበሉ ይደሰታል፣ እኔም ጥሩ ልጅ ሆኜ ወደ ግንባር እመለሳለሁ። ውሃውን በመዳፌ ዘገንኩት። ይዤው ቆየሁና ለቀቅኩት። ትልቅ ሐሳብ አስቤ አይደለም፤ ይህን ውሸት ተሸክሜ የቀረኝን ጥቂት ጊዜ መኖር ታክቶኝ ነው።

እናቴ ከዛፉ ሥር ብድግ አለች። መጀመሪያ ያደረገችው እጇን ጸጉሬ ውስጥ ማስገባት ነበር። ጸጉሬ ደረቅ ነው። እጇን መለሰች፣ ነጠላዋን አራገፈች፣ ሌሎቹን ሴቶች ተሰናበተችና መንገድ ጀመርን። እኔ ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ። ብዙ ከሄድን በኋላ ሳትዞር፣ «አልተጠመቅክም» አለች።

ያን ጊዜ ነገርኳት። አልሰለምኩም፣ አላኮረፍኩም፣ ማንም አላሳሳተኝም፤ ሲጨንቀኝ የምጠራው የለኝም አልኳት። ደግሞም ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም፤ ጸሎት እንዳልተውኩ መስዬ አጠገብሽ ስቆም ብዙ ዘመን ሆኖኛል አልኳት። ቆመች። እንደምትጮህ፣ ደረቷን እንደምትመታ ጠብቄ ነበር፤ ለዚያ ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ዞራ በጣም የተቸገረ ሰው በሚጠይቅበት ድምፅ፣ «ታዲያ ማንን ልለምንልህ?» አለችኝ።

ይህ ወቀሳ አልነበረም። እናቴ ልጇ ሲታመም የት ደጅ እንደምትጸና ታውቃለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ያደረገችው ይህን ነው። አሁን ደጁ ጠፋባት። በዚያች ሰዓት ከራሴ ይልቅ እሷ አሳዘነችኝ።

«ሆስፒታሉን» አልኳት። ላሾፍባት አይደለም፤ ሌላ መልስ አጥቼ ነው። እሷም እንደ ቀልድ አልወሰደችውም። «ይሁና» ብላ መንገዷን ቀጠለች።

በማግስቱ ዓርብ ነበር። እናቴ ለደጀ ሰላም የምትለብሰውን ቀሚስ ለብሳ ሆስፒታል ይዛኝ ሄደች። የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥባት ክፍል ከግቢው መጨረሻ ናት፤ በር ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፣ እናቴ እሱ ላይ ተቀመጠች። ባለሙያው በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ነው፤ አንገቱ ላይ ወፍራም ጥቁር ማተብ አስሯል። ማተቡን ሳይ «እንደየእምነትህ» እስኪል ድረስ መጠበቅ ጀመርኩ። የሐኪሟን ወረቀት ሰጠሁት። አነበበውና በተራ ጠየቀኝ፤ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ መኪናው። የሞተሩን ነገር ስነግረው እንደገና አስደገመኝ። ከዚያ ድምፁን ሳይቀይር፣ «መሞት ተመኝተህ ታውቃለህ?» አለ።

«አዎ» አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴም ተገረምኩ፤ ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው።

«ታዲያ ምን ያዘህ?»

ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አድርጎ ሊጽፍ ተዘጋጅቷል። ኋላ ስንቀራረብ ነገረኝ፤ ለዚህች ጥያቄ በዚህ ሀገር ያሉት መልሶች ሁለት ናቸው፤ ክርስቲያኑ «እግዜርን ፈርቼ» ይላል፣ እስላሙ «ሐራም ስለሆነ» ይላል። እሱም ይህን ይጽፍና ትንፋሹን ያወጣል። እኔ «አላውቅም» አልኩ።

«እግዜርን…» ብሎ ጀመረልኝ፣ መልስ የጠፋበትን ተማሪ እንደሚረዳ አስተማሪ።

«አላምንም።»

ብዕሩ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቱ ላይ ያየሁት ፍርሃት ነበር። እስከዚያ ቀን ሰው ሁሉ አዝኖልኛል፤ ሻምበሉ፣ የሥነ ልቦናው ሰው፣ አጎቴ። ሁሉም አዝነው፣ ለሚያምኑት አሳልፈው ሰጥተውኝ፣ እነሱ ተኝተው አድረዋል። ይህ ሰው ግን ፈራልኝ። የሚያስረክብበት ቦታ ስላጣ በእጁ ላይ ቀረሁበት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ያለቀስኩት ያኔ ነው። እስክጨርስ ጠበቀኝ፤ አይዞህ እንኳ አላለም።

ከዚያ ወንበሩን ከጠረጴዛው ወዲህ አዙሮ አጠገቤ ተቀመጠና ሥራውን ጀመረ። በሽታው ምን እንደሆነ፣ ጭንቅላቴ ለምን ጸጥታን ከሞት ጋር እንዳሰረው፣ መድኃኒቱ ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ ነገረኝ። ቶሎ ይሻልሃል አላለኝም፤ እኔም ስላላለኝ አመንኩት። ፈቃዴን ለማራዘም ኋላ ለክፍሌ ሲጽፍ «መንፈስ» የምትለውን ቃል እንዲተውልኝ ለመንኩት፤ «የአእምሮ ሕመም» ብሎ ጻፈ። ሻምበሉ ደንግጦ ደወለልኝ፤ «አበደ ማለት ነው?» ብሎ የጠየቀው እኔኑ ነው። መንፈስ ቢሆን ይሻለው ነበር። መሪውን ዳግም ሳልይዝ ከሠራዊቱ በሕመም ምክንያት የተሰናበትኩት ግን በዚሁ ወረቀት የተነሣ ነው።

ያን ዓርብ ስንጨርስ፣ «ነገ ና» አለኝ።

«ነገ ቅዳሜ ነው። ትሠራለህ እንዴ?»

«እኔ እመጣለሁ። አንተ ትመጣለህ ወይ?»

ዓይኔን ወደ በሩ አዞርኩ። እሱም አላስጨነቀኝም፤ ተነሥቶ በሩን ከፈተና እናቴን ጠራት። ልጇ በጣም እንደታመመ፣ እስከ ነገ ብቻውን መተው እንደሌለበት ነገራት። እናቴ ስለ መንፈስ አልጠየቀችም። ከወንበሩ ተነሥታ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል ደንግጦ ያዛት፤ ታላቁ ናትና አሳፈረው። «አንተን ነው የምለምን» አለችው። «ልጄ ሌላ የለውም።»

ከግቢው ወጥተን አስፋልቱ ዳር ባጃጅ እየጠበቅን ቆምን። ክንዴን ይዛኛለች፤ ሕፃን እያለሁ መንገድ ስታሻግረኝ እንደምትይዘኝ ጠበቅ አድርጋ።

«ነገ ትመጣለህ?» አለችኝ።

ምን እየጠየቀችኝ እንደሆነ ገባኝ፤ እንደገባኝም አይታለች። «እመጣለሁ» አልኳት፤ ድምፄ ለራሴም አላሳመነኝም።

እናቴ ቃል ስታስገባን ሁልጊዜ በግሸን ማርያም ነው፤ ያለዚያ ቃል ቃል አይሆንላትም። አሁንም «በግሸን…» ብላ ጀመረችና ምላሷን ያዘች። ወደ ታች አየች። ቀና ብላ፣ «በማን ትምልልኛለህ?» አለች።

አሰብኩ። እውነትም የምምልበት አልነበረኝም። ከዚያ ገበያ ላይ ለሽንኩርት ዋጋ ሳይቀር በየቀኑ የምንምላት መሐላ አፌ ላይ መጣች፤ እስከዚያ ቀን ምን እንደምትል ልብ ብዬ ሰምቻት አላውቅም።

«አንቺ ሙች» አልኳት። «አንቺ ሙች፣ እማ፣ ነገ እመጣለሁ።»

ፊቴን አገላብጣ አየችኝ። ክንዴን አልለቀቀችም።

«እንግዲያ እንዳትገድለኝ» አለችኝ።